ከአባይ በረሃ እስከ ጢስ አባይ፦ የጎጃም እሳተ ገሞራዎች የጉዞ ማስታወሻ

መስመሩ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በጮቄ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር አድርጎ ጢስ አባይ ላይ ያበቃል። ጫፉ የሚጤስ ሹል ተራራ ለማየት የሚመጣ ሰው አያገኝም። የሚያገኘው በስንጥቅ የፈሰሰ ላቫ፣ ጋሻ መሰል ተራራ፣ የእንፋሎት ፍንዳታ ጉድጓድ፣ የስኮሪያ (ቀዳዳማ የላቫ ጠጠር) ኮረብታ፣ በመጨረሻም ወንዝ የገደበ ላቫ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ መለየት ለሚችል።

ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ቅልጡ አለት ምን ያህል ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ነበረው? ምን ያህል ጋዝ አምቆ ነበር? ሲወጣስ ውኃ አግኝቶታል? ሲሊካው አነስተኛ ሲሆን፣ በባዛልት (በጥቁሩ የላቫ ድንጋይ) ከ45 እስከ 52 በመቶ ነው፣ ቅልጡ ይቀጥናል፣ ጋዙን በቀላሉ ይለቃል፣ ርቆ ይፈስሳል። በራዮላይት (በገርጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) 70 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን ይወፍራል፤ ጋዙም መውጫ አጥቶ ግፊቱ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ሙቀታቸውም ይለያያል፦ ባዛልት ወደ 1,100 እና 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ ሲወጣ ራዮላይት ከ700 እስከ 850 አካባቢ ነው።

ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በክረምት መረሬው ጫማ ላይ እየተለጠፈ አያስኬድም፤ ድንጋዩም በሣርና በቅጠል ይሸፈናል። ከመነሳት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከየከተማው ሰው ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ትናንት ያለፈ መኪና ዛሬ ለማለፉ ዋስትና አይሆንም።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ያህል ክብደት ያለው መዶሻ፣ ከስንጥርጣሪ የሚከላከል የዓይን መነጽር፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ኪስ ቢላዋ፣ በጠብታ ጠርሙስ የተያዘ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከፍታ የሚያሳይ ስልክ። የስልኩ ከፍታ 10 እና 20 ሜትር ሊዛባ ስለሚችል በአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። አሲዱ የኖራ ድንጋይን ከባዛልት ለመለየት ነው፤ ከሌለ ኮምጣጤ ይተካዋል የሚሉ አሉ፤ በጣም ደካማ ስለሆነ አሳሳች ነው። ቢላዋው ይሻላል፦ የኖራ ድንጋይን በቀላሉ ይጭረዋል፣ ትኩስ ስብራት ባለው ባዛልት ላይ ግን እምብዛም አይሠራም።

አንደኛ ቀን፦ አባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያ እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ካለው አፋፍ ድልድዩ ወዳለበት ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይወረዳል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ነው፤ ፍሬን ብቻ የተማመነ ሾፌር ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የፍሬን ሸራ ሽታ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሜዳ ፈልጎ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው። በጋለ ጎማ ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ድንጋዩን ማንበብ የሚጀመረው ከድልድዩ ነው፣ በጎጃም በኩል ወደ ላይ። ከታች ያለው ስለሚቀድም ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከጥንት ወደ ቅርብ ጊዜ ይሄዳል። ከወንዙ አጠገብ ቀይና ቡናማ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ሆኖ ቆሟል። በላዩ ጀሶና ጭቃ ድንጋይ የተፈራረቁበት ለስለስ ያለ ተዳፋት ይመጣል። ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ ነው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብበት ይፈላል፣ በእጅ መነጽር ሲታይ የባሕር ዛጎል ስብርባሪ ይገኝበታል። ባሕር ነበር እዚህ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን። እሳተ ገሞራው ገና አልመጣም።

መንገዱ በየዓመቱ የሚሰነጠቀውና የሚንሸራተተው በአብዛኛው በለስላሳው ክፍል ነው። ጀሶውና ጭቃ ድንጋዩ የክረምት ውኃ ሲጠጣ ይላላል፣ ከአፋፉ የተናደው አፈርና ቋጥኝ በላዩ ይንሸራተታል። አስፋልቱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ከታየ መኪና ከዚያ በታች አይቆምም።

ወደ ደጀን አፋፍ ሲቃረብ ቀለሙ ይጠቁራል። ባዛልቱ እዚህ ጀመረ። ከመኪና ወርዶ በመንገዱ ቆረጣ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆየት የሚያዋጣው እዚህ ነው፤ እያንዳንዱ የላቫ ፍሰት ራስና ግርጌ አለውና። ግርጌው ላይ ስብርባሪ የበዛበት ስስ ንጣፍ ይታያል፤ ላቫው ሲሄድ የቀዘቀዘ ቅርፊቱን እያንኮታኮተ ስለሚረግጥ ነው። መሐሉ ድፍን ነው፤ ብዙ ጊዜም ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ሆኖ ተሰንጥቋል። ራሱ ላይ ደግሞ ጋዝ ያመለጠበት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከዚያ በላይ ቀይ የአፈር መስመር ከመጣ፣ ያ ፍሰት ቀዝቅዞ፣ ዝናብ ወርዶበት፣ አፈር ሆኖ ሳለ ቀጣዩ ላቫ መጥቶ አቃጠለው ማለት ነው። ፍሰት መቁጠር የሚፈልግ ቀዩን መስመር ይቁጠር፤ የዓምድ ረድፍ የሚቆጥር ይሳሳታል፣ አንድ ፍሰት ሁለት ረድፍ ዓምድ ሊኖረው ይችላልና።

ዓምዶቹን የሰው እጅ የጠረባቸው የሚመስለው ብዙ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስንጥቁም ከሚቀዘቅዘው ገጽ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ዓምዱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ላቫው በአግድም ሜዳ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ካጋደለ ግን በተዳፋት ወይም በሸለቆ ግድግዳ ላይ ቀዝቅዟል። ሰፊ ዓምድ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ፣ ቀጭን ዓምድ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ነው።

አሲድ የያዘ ሰው የሚታለልበትም ቦታ ይኸው ነው። በባዛልቱ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ማዕድን ሞልቶ ይገኛል። አንዳንዱ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን) ስለሆነ ይፈላል፣ ጀማሪውም «የኖራ ድንጋይ ነው» ብሎ ይጽፋል። መንጠብጠብ ያለበት በጥቁሩ አለት ላይ ነው፣ በነጩ ሙሊት ላይ አይደለም።

ሁለተኛ ቀን፦ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ

70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ የሚቆምበት ብዙ የለም። የጤፍ ማሳና መረሬ አፈር ነው፣ ሜዳው አያልቅም። ዋናው ነገር ግን ይኸው ሜዳነቱ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫው የወጣው ከአንድ ተራራ አፍ ሳይሆን ከረጃጅም የመሬት ስንጥቆች ነበር፤ ቀጭን ስለነበረ እንደ ጎርፍ ተንጣለለ። አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍል እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ደርሷል። አብዛኛው የፈሰሰው አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በመሬት ዕድሜ ሲታይ አጭር ነው።

ቅልጡ ከየት መጣ ለሚለው የተለመደው መልስ «ከታች ያለው ስለጋለ» የሚል ነው፤ ግማሽ መልስ ነው። በመሬት ጥልቅ ያለው አለት በጣም ቢግልም ጫናው ስለሚይዘው ጠጣር ሆኖ ይቆያል። ትኩስ አለት ወደ ላይ ሲያዘግም ግን ጫናው ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሳይጨምር በዚያው በነበረው መቅለጥ ይጀምራል። ቅልጡ ከአካባቢው ይቀላል፣ ስለዚህ ይወጣል። በኢትዮጵያ ሥር የሆነው ይህ ነው። ሌላው መንገድ ውኃ ነው፦ የውቅያኖስ ወለል በሌላ የመሬት ቅርፊት ሥር ሲሰምጥ የያዘው ውኃ ወደ ላይኛው አለት ይገባና የመቅለጫ ሙቀቱን ያወርደዋል። የጃፓኑ ፉጂና የአሜሪካው ሴንት ሄለንስ የበቀሉት በዚህ ነው። ጎጃም ሥር የሚሰምጥ ውቅያኖስ የለም፤ ሹል ተራራ የታጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ድጎ ጽዮን የሚያልፈው መንገድ ያወጣል። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል፤ ከቀትር በኋላ ጉም ይጋርደዋል። ላዩ ላይ ያለው ከፍታ ከ4,000 ሜትር ስለሚያልፍ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ጥቂት መቶ ሜትር መውረድ ከማንኛውም ክኒን ይሻላል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ጮቄ የት አለ? ብዙ ሰው ደብረ ማርቆስ ቆሞ ተራራ ይፈልጋል፣ የሚያየው ግን ቀስ ብሎ የሚነሳ አገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ናት፣ አናቱ ከ4,000 ትንሽ ያልፋል፤ ልዩነቱ 1,600 ሜትር ገደማ። በመሐላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 1,600 ለ40,000 ሲካፈል 4 በመቶ፣ በዲግሪ ከ2 ትንሽ ይበልጣል። ዓይን ይህን ተዳፋት አይለይም፣ የመኪና ሞተር ግን ይለየዋል። ይህን ራሱ ለመለካት የሚፈልግ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አይጠቀም፤ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ርቀቱን አስረዝሞ ተዳፋቱን ያሳንሰዋል። ካርታ ላይ በቀጥታ መለካት ነው።

ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ማለት ይህ ነው። ከጎርፉ ላቫ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባዛልቱ ከስንጥቅ መውጣቱን ትቶ ወደ አንድ ማዕከል ሰበሰበ። ቅልጡ አሁንም ቀጭን ነበር፤ ከመሐል ተነስቶ በየአቅጣጫው ሲፈስ ግርጌው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዝቅተኛ ጉልላት ሠራ። የቅርጹ ምስክር ወንዞቹ ናቸው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከአንድ አናት ተነስተው በየፊናቸው ይሄዳሉ፣ ሁሉም ዞረው አባይ ይገባሉ። ካርታ ላይ የወንዝ መስመሮች ከአንድ ነጥብ ሲበተኑ ከታየ፣ ተራራው ቢሸረሸር እንኳ ማዕከሉ የት እንደነበረ ይታወቃል።

ሽቅብ ሲወጣ ገብስና ድንች ከታች ይቀራሉ፣ አስታና ጓሳ ይመጣል፣ ከዚያ ጅብራ። ድንጋዩም ይለወጣል፤ ወደ አናቱ ገርጣ ያለ፣ ግራጫ፣ ሲነካ ሻከር የሚል አለት ብቅ ይላል። ትራካይት ነው። ቅልጡ በመሬት ሆድ ተኝቶ ሲቀዘቅዝ ብረትና ማግኒዚየም የበዛባቸው ማዕድናት ቀድመው ጠጥረው ይለያሉ፤ የቀረው ፈሳሽ በሲሊካ እየበለጸገ ይሄዳል። የእሳተ ገሞራው የመጨረሻ ዘመን ምርት ስለሆነ ከላይ ይገኛል። ብዙ ርቆ አልፈሰሰም፤ ወፍሯልና።

እዚህ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ክብ ቋጥኝ አይቶ «እሳተ ገሞራው የተፋው ቦምብ» ማለት ነው። አብዛኛው ባዛልት ከየስንጥቁ በገባ ውኃ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ የከበበ ነው። በመዶሻ ጠርዙን መታ ሲያደርጉት በንብርብር ከተነሳ የዝናብ ሥራ ነው። ከማሳ ውስጥ ድንጋይ ለማየት የሚገባ ደግሞ አስቀድሞ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብሎ ፈቃድ ይጠይቅ፤ በጮቄ ተዳፋት ያለ ገበሬ አፈሩን ያቆመበት የድንጋይ እርከን በእንግዳ እግር ሲፈርስበት ማየት አይፈልግም።

ጋሻ መሰል ሁሉ ለስላሳ ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። አፋር ውስጥ ያለው ኤርታሌ 613 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው ጋሻ ሲሆን በላቫ ሐይቁ ይታወቃል፤ በዚያው ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ ግን ጋሻ መሰል ሆኖ ሳለ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል።

አራተኛ ቀን፦ ወደ እንጅባራ፣ ዘንገና

ከደብረ ማርቆስ እንጅባራ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የጎጃም ያልሆኑትን ዓይነቶች ለማንሳት ይመቻል። ድርብርቡ እሳተ ገሞራ፣ ማለትም አመድና ላቫ እየተፈራረቁ የሚገነቡት ሹል ተራራ፣ መካከለኛና ወፍራም ቅልጥ ይፈልጋል። በኛ አገር የሚቀርበው ምሳሌ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መተሐራ አጠገብ ያለው ፈንታሌ ነው፤ አናቱ ተደርምሶ ካልዴራ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢም ከግርጌው ላቫ ፈሶበታል። ካልዴራ የሚፈጠረው ሥሩ ያለው የቅልጥ ማጠራቀሚያ በአንድ ትልቅ ፍንዳታ ሲጎድል ጣሪያው ስለሚሰምጥ ነው። አፍ ብቻ ከሆነው ክሬተር የሚለየውም ይኸው ነው፤ ክሬተር ተቆፍሮ፣ ካልዴራ ተደርምሶ። የአዊ መሬት ላይ የሚጠብቀው የተቆፈረው፣ ክሬተሩ ነው።

ቲሊሊ አቅራቢያ የፋንግ ፏፏቴን የደረሰ የባዛልት ዓምዶችን በቅርበት ያያል። ድንጋዩ በረጨው ውኃ ሙጭልጭ ስለሚል ሶሉ የላላ ጫማ አይሆንም።

የዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ከዋናው መንገድ ጥግ ናት፣ 2,500 ሜትር አካባቢ። ክብ ናት፤ በዛፍ የተከበበች ናት፤ ከፍ ያለ ተራራ ግን የላትም። ይህ ነው መለያዋ። ወደ ላይ ይመጣ የነበረው ባዛልት ከመሬት ውኃ ጋር ተገናኘ። ውኃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ አለቱን ወደ ላይና ወደ ጎን በተነው። የወጣው ነገር አዲስ ላቫ ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው ቀድሞ የነበረው አለት ስብርባሪ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያው ዝቅተኛ ቀለበት ሆኖ ቀረ። ይህን ለማረጋገጥ በቀለበቱ ውጭ በኩል ውኃ የሸረሸረው ቦሬ ፈልጎ ስስ ንብርብሮችን ማየት ነው። በአመዱ መሐል ሹል ጠርዝ ያለው የሌላ አለት ቁራጭ ከተገኘ ፍንዳታው ከሥር የነቀለው ነው።

ጥልቀቷ 166 ሜትር ነው። ሰፊው ጣና፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፣ ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የአፈጣጠር ነው፤ ዘንገና በፍንዳታ የተቆፈረች፣ ጣና በላቫ የተገደበ። ዳሩ ቶሎ ስለሚገደልና ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋናተኛ ነኝ የሚልም ቢሆን አይገባም። አዊ ውስጥ ያለችው የጥርባ ሐይቅም የዚሁ ቤተሰብ ናት።

አምስተኛ ቀን፦ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር

ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲከረንስ ጫካና ከከሰል ጭስ መሐል ትንንሽ፣ አናታቸው የተቆረጠ ኮረብቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። የስኮሪያ ኮረብቶች ናቸው። ጋዝ የበዛበት ባዛልት እንደ ምንጭ ወደ ላይ ይረጫል፤ ጠብታው አየር ላይ ጠጥሮ በአፉ ዙሪያ ይወድቃል። ልቅ ጠጠር ሲከመር ከ30 ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ ጎናቸው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ ፕሮትራክተር ላይ ክብደት ያለው ክር አስሮ ከሩቅ በጠርዙ አቅጣጫ ማነጣጠር በቂ መለኪያ ነው። የጮቄን 2 ዲግሪ ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ሌላ ገለጻ አያስፈልገውም።

አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ፈንድተው ያበቃሉ። የሜክሲኮው ፓሪኩቲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከበቆሎ ማሳ በቅሎ በ1952 ሲያቆም 424 ሜትር ደርሶ ነበር፤ ዳግም አልተነሳም። ላቫ ከፈሰሰም የሚወጣው ከአናቱ ሳይሆን ከግርጌው ነው፤ ልቁ ጠጠር የፈሳሹን ክብደት መሸከም ስለማይችል ይቀደዳል። አንድ ጎኑ የተከፈተ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኮረብታ ሲታይ ላቫው በየት እንደሄደ ተነገረ ማለት ነው።

ሬድ አሽ (ለግንባታ የሚውል የስኮሪያ ጠጠር) የሚወጣበት ቁፋሮ ካለ ውስጡ ይታያል፦ ወደ አፉ አካባቢ ቀይ፣ ራቅ ሲል ጥቁር። ቀዩ ገና ትኩስ ሳለ ብረቱ በእንፋሎትና በአየር ስለዛገ ነው። ቀጥ ብሎ በተቆረጠ ግድግዳ ሥር መቆም ግን ሞትን መጥራት ነው፤ ጠጠሩ እርስ በርሱ ስላልተያያዘ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። በግድግዳው ቁመት ያህል ርቆ መቆም ያስፈልጋል። ብሎኬት ለሚሠሩም አንድ ነገር፦ ቀዳዳው ውኃ ስለሚጠጣ ጠጠሩ ከመቦካቱ በፊት ይራስ፤ ደረቁን የደባለቀ ሰው ሲሚንቶው የሚያስፈልገውን ውኃ ጠጠሩ ይሰርቀውና ብሎኬቱ በእጅ ይፈረፈራል።

ከዳንግላ በመራዊ ወደ ባሕር ዳር መሬቱ ሜዳ ነው፤ የማሳ አጥሩ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ ጥቁር ድንጋይ ተክቧል። ይህ ወጣቱ ባዛልት ነው፤ ከአባይ በረሃው ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው ማለት ይቻላል። የጣና ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞም በመሬት ስንጥቆች የሰመጠ ነበር፤ በደቡብ በኩል መውጫውን የዘጋው ግን ይህ ላቫ ነው። በቀዳዳውና በስንጥቁ ውኃ ስለሚያስተላልፍም የባሕር ዳር ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የጠጣው ከዚሁ አለት የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ያው ባሕርይ ጉዳትም አለው፤ ውኃው በስንጥቅ ሲሮጥ ስለማይጣራ፣ ከምንጩ በላይ የተቆፈረ ሽንት ቤት በቀላሉ ይበክለዋል።

ስድስተኛ ቀን፦ ጢስ አባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው የእግር መንገድ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይታለፋል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ የሚወድቅበት ገደል የዚያ የወጣቱ ላቫ ጠርዝ ነው። በደንብ ላየው የአንደኛው ቀን ትምህርት ይደገምበታል፦ ከላይ ቀዳዳማው፣ ከሥሩ ዓምዱ። ውኃው ዓምዱን ከግርጌው ሲቦረቡረው ቁራጩ በስንጥቁ መስመር ይወድቃል፤ ለዚህ ነው ገደሉ ተዳፋት ሳይሆን ቀጥ ያለ ሆኖ የሚቆየው፣ ፏፏቴውም ቀስ በቀስ ወደ ጣና የሚያፈገፍገው።

የውኃው መጠን በዝናብ ብቻ አይወሰንም። ጢስ አባይ ላይ ያሉት ማመንጫዎች ይወስዳሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ በሌላ በኩል ይቀዳል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት በዚያ ቀን ውኃ ተለቆ እንደሆነ ከባሕር ዳር መጠየቅ ያስፈልጋል። ጢሱን ለማየት የሚመጣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ይምጣ። ለድንጋዩ የመጣ ግን ሌላው ጎብኚ አዝኖ የሚመለስበት የካቲት ይሻለዋል፤ ገደሉ ደርቆ ከላይ እስከ ታች ይታያል፣ የላቫው ንብርብርም ያለ መጋረጃ ይቆጠራል።